ከጀልባዋ በታች ስንት ውኃ አለ?

ባለጀልባው፦ ጋሼ፣ ይግቡ። ይቺን ገመድ ያዝ ያድርጉና ይሻገሩ። ይኸውልዎት፣ የነገው መንገድ በሙሉ እዚህ ስክሪን ላይ ተዘጋጅቷል። ከአናፖሊስ እንወጣለን፤ የቶማስ ፖይንትን መብራት በስተቀኝ እንተዋለን፤ የኬንት ደሴትን ደቡባዊ ጫፍ ዞረን ሴንት ማይክልስ እንገባለን። ዘጠኝ ነጥብ መዝግቤያለሁ። ጂፒኤሱ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይመራል፣ ኦቶፓይለቱ መሪውን ይይዛል።

መርከበኛው፦ እንኳን ደስ ያለህ፣ ጀልባዋም ታምራለች። ይሄ ትንሹ ስክሪን ሰባት ይላል። ሰባት ምን?

ባለጀልባው፦ ሰባት ጫማ። ጥልቀት መለኪያው ነው። ከኪሉ፣ ከጀልባዋ የታችኛው ጫፍ፣ ሥር ያለን ውኃ ማለት ነው።

መርከበኛው፦ ጀልባዋ ራሷ ከውኃው ወለል እስከ ኪሉ ጫፍ ስንት ጫማ ትጠልቃለች?

ባለጀልባው፦ አምስት።

መርከበኛው፦ ሰባቱ ከኪሉ ጫፍ መቆጠሩን በምን አወቅህ?

ባለጀልባው፦ የሸጠልኝ ሰው እንደዚያ አለኝ።

መርከበኛው፦ እሺ፣ ይህን ያዝልኝ። ከመሄዴ በፊት እንመለስበታለን። አሁን ነጥቦችህን አሳየኝ። የቶማስ ፖይንቱን ከየት አገኘኸው?

ባለጀልባው፦ ከመጽሐፍ። መብራቱ 38 ዲግሪ ከ53 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሰሜን ላይ ነው ይላል። እንዳለ አስገባሁት። ይኸው፣ 38 ዲግሪ ከ53.56።

መርከበኛው፦ ስክሪንህ ሰከንድ አይቀበልም፤ ደቂቃን በአሥርዮሽ ነው የሚቀበለው። 56 ሰከንድ ማለት 0.93 ደቂቃ ነው። አንተ 0.56 ብለህ አስገባኸው። የኬክሮስ አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፣ 1,852 ሜትር ነው። አስላው። ነጥብህ ከመብራቱ ወደ ደቡብ 700 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።

ባለጀልባው፦ 700 ሜትር! ካርታው ላይ አይቼው እኮ ልክ መስሎኝ ነበር።

መርከበኛው፦ አስቸጋሪው እሱ ነው። ዲግሪውን ብትስት ኖሮ ነጥቡ ፔንሲልቬንያ ሜዳ ላይ አርፎ ወዲያው ታየው ነበር። ትንሿ ስህተት ግን ልክ ትመስላለች።

ባለጀልባው፦ ተቀብያለሁ፣ አስተካክለዋለሁ። ግን ጋሼ፣ ይህ የእኔ የጣት ስህተት ነው። መሣሪያው ያዘዝኩትን ነው ያደረገው። እርስዎ በማስመሪያና በእርሳስ ሲሠሩ ስህተት አልነበረም?

መርከበኛው፦ ነበረ፣ ብዙ ነበረ። ልዩነቱ፣ እርሳስ በወረቀት ላይ ስትጎትት መስመሩ የሚያልፍበትን ጥልቀት አንድ በአንድ ሳታነብ አትጨርሰውም። እስቲ ከዚህ፣ ከሰቨርን ወንዝ አፍ፣ እስከ ሴንት ማይክልስ አንድ ቀጥታ መስመር አስምረው።

ባለጀልባው፦ ይኸው። … የኬንትን ደሴት ሰንጥቆ አለፈ።

መርከበኛው፦ መሣሪያው አይሆንም አለህ?

ባለጀልባው፦ አላለኝም። አዳዲሶቹ ግን ደሴቱን ዞረው መንገድ ያወጣሉ።

መርከበኛው፦ ያወጣሉ፤ ካርታው ውስጥ የተጻፈውንና አንተ የነገርካቸውን የጀልባህን ልክ አምነው። ደግሞ ነጥቡን ለምን መብራቱ ራሱ ላይ ልታደርገው ፈለግህ? እሱ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1875 ጀምሮ ውኃ መሐል በብረት እግሮች የቆመ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት የሲቪሉን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ስህተቱ 100 ሜትር ይደርስ ስለነበር ወደ ምልክት ያነጣጠረ ሰው በአጠገቡ ያልፍ ነበር። ዛሬ በጥቂት ሜትሮች ልክ ብረቱ ሥር ያደርስሃል። ኦቶፓይለት ደግሞ ዓይን የለውም። ነጥብህን ጥልቅ ውኃ ላይ፣ ከምልክቱ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። ምልክቱ ላይ ብዙ ሰው ስለሚያነጣጥር የሚመጣብህ ጀልባም አለ።

ባለጀልባው፦ ይህንንም እቀበላለሁ። ቢሆንም እስካሁን የነገሩኝ ሁሉ አጠቃቀምን የሚመለከት ነው። ያስተካከልኩት መንገድ ከሰው ዓይን አይሻልም? እኔ ይደክመኛል፣ እንቅልፍ ይጥለኛል። ሳተላይት አይደክምም።

መርከበኛው፦ ስለ ቬስታስ ዊንድ ሰምተሃል?

ባለጀልባው፦ የዓለም ዙሪያ ውድድሯ ጀልባ።

መርከበኛው፦ አዎ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2014 ከኬፕታውን ወደ አቡዳቢ ስትሄድ፣ ከሞሪሸስ በስተሰሜን ምሥራቅ ካርጋዶስ ካራጆስ የሚባለው የኮራል አለት ላይ በሌሊት ወጣች። ፍጥነቷ 19 ኖት ነበር። ዘጠኝ ሰው ተሳፍሮባታል፤ ሁሉም የዚህ ሙያ ቁንጮዎች ናቸው። ጂፒኤሱ አልተሳሳተም፣ የት እንዳሉ በትክክል ይነግራቸው ነበር። አለቱም በኤሌክትሮኒክ ካርታው ውስጥ ተመዝግቧል። ግን ካርታውን ካላጎላኸው አይታይም። ከሩቅ ሲያዩት ከ40 ሜትር የማያንስ ጥልቀት ያለው ቦታ መሰላቸው፤ ችላ ብለው አለፉት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ተረፉ።

ባለጀልባው፦ እሺ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1923፣ ካሊፎርኒያ፣ ሆንዳ ፖይንት። 14 የአሜሪካ ጦር መርከቦች ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሳን ዲዬጎ በ20 ኖት ይጓዛሉ። ጭጋግ ነው። ያኔ አዲስ የነበረው የሬዲዮ አቅጣጫ ጠቋሚ ጣቢያ የት እንዳሉ ነገራቸው። መሪዋ መርከብ ላይ የነበሩት ልምድ ያላቸው መኮንኖች ግን ሬዲዮውን አላመኑትም። በፍጥነትና በሰዓት ያሰሉትን የራሳቸውን ስሌት አመኑና ወደ ምሥራቅ ታጠፉ። ሰባት መርከብ አለት ላይ ወጣ፣ 23 ሰው ሞተ። አዲሱን መሣሪያ ቢያምኑ ኖሮ ይተርፉ ነበር። ጋሼ፣ ጥርጣሬም እኮ ይገድላል።

መርከበኛው፦ ልክ ነህ። ይህን የሚመልስ ነገር የለኝም። አንድ ነገር ግን ጨምርበት፤ ያን ሌሊት ጥልቀቱን አልለኩም። ለመለካት ፍጥነት መቀነስ ነበረባቸው፣ ፍጥነት መቀነስ ደግሞ አልፈለጉም። ስሌታቸው አንድ ነገር ይላል፣ ሬዲዮው ሌላ ይላል። ሁለት ምስክር ሲጣላ ሦስተኛ ትጠራለህ። ሦስተኛው ምስክር ከእግራቸው ሥር ነበር።

ባለጀልባው፦ እኔስ? እኔ ጋ ሦስተኛው ምስክር ሳልቆም ይለካል። ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ የገደል ማሚቶውን ይሰማል፣ ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ጥልቀቱን አስልቶ ይሰጠኛል። ማንቂያም አለው። ከአሥር ጫማ ሲያንስ ይጮኻል።

መርከበኛው፦ የሚያየው ወደ ታች ነው እንጂ ወደ ፊት አይደለም። በ6 ኖት ስትሄድ በሰከንድ 3 ሜትር ትጓዛለህ። የባሕሩ ወለል በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር የሚነሣ ከሆነ፣ ከማንቂያው በኋላ አንድ ሜትር ተኩል ቢቀርህ ሃምሳ ሰከንድ አለህ፤ ያ በቂ ነው። እኛ የሠራንበት ቀይ ባሕር ግን እንደዚያ አይደለም። በብዙ ቦታ ኮራሉ ከጥልቁ እንደ ግድግዳ ነው የሚነሣው። መለኪያው ታች የለም ይልሃል፣ ቀጥሎ መትተሃል። እዚያ የሚያድንህ ፀሐይዋን ከኋላህ አድርገህ የውኃውን ቀለም ማየት ነው።

ባለጀልባው፦ ይህ ግን ቀይ ባሕር አይደለም፤ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። አማካይ ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ወለሉም ጭቃ። ጣና ራሱ ከዚህ ትንሽ ይጠልቃል።

መርከበኛው፦ ለዚህ ነው ጥልቀት መለኪያ እዚህ ከየትም በላይ የሚጠቅመው። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ዘንጉን እያስገባ ወለሉን እንደሚዳስሰው ማለት ነው። ግን የማንቂያህን ነገር ልጠይቅህ፤ አሥር ጫማ ላይ አድርገኸው በዚህ ባሕር ስንት ጊዜ ይጮኻል?

ባለጀልባው፦ … ከወደቡ ስወጣ፣ ስገባ፣ መልሕቅ ስጥል። እውነቱን ለመናገር ባለፈው እሑድ አጥፍቼው ነበር።

መርከበኛው፦ ሮያል ማጀስቲ የምትባለው የመንገደኞች መርከብም እንደዚያ ነው የሆነባት። እ.ኤ.አ. በ1995 ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ስትሄድ፣ ገና ከወደብ እንደወጣች የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ተላቀቀ። መሣሪያው ለአፍታ ጮኸና ሳተላይቱን ትቶ ከኮምፓስና ከፍጥነት እየገመተ መምራት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ የታየው ለውጥ ጥቂት ትንንሽ ፊደላት ብቻ ነበር። 34 ሰዓት ያህል እንደዚያ ሄዳ፣ ከመንገዷ 17 ማይል ስታ፣ 1,509 ሰው ይዛ ናንታኬት አጠገብ አሸዋ ላይ ወጣች። የጥልቀት ማንቂያዋ ዜሮ ላይ ነበር የተደረገው። ዜሮ ማለት፣ መሬት ሳትነካ አይጮኽም። ሌላም አለ፤ መኮንኑ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊ ምልክት ሳያየው አየሁት ብሎ ለካፒቴኑ ነገረ። ጂፒኤሱ አልፈኸዋል ስላለው አለፍኩት አለ።

ባለጀልባው፦ ይህ ግን ለእኔ ይመሰክራል እንጂ በእኔ ላይ አይመሰክርም። መሣሪያው ማንቂያ ነበረው። ያበላሸው ሰው ነው።

መርከበኛው፦ ሰውና መሣሪያን ለይተህ አትይ። ማንቂያ ሁልጊዜ ከጮኸ ሰው ያጠፋዋል፤ ይህ የታወቀ የሰው ጠባይ ነው። ማንቂያህ ለእያንዳንዱ መንገድ የተለየ መሆን አለበት። ከወደብ ስትወጣ ዝቅ፣ ጥልቁ ውኃ ላይ ከፍ። ጥልቁ ላይ ሠላሳ ጫማ ላይ አድርገኸው ከጮኸ፣ እዚያ ሠላሳ ጫማ ሊኖር አይገባምና አንተ ያሰብከው ቦታ አይደለህም ማለት ነው። ብዙዎች የሚስቱት ይህን ነው። ጥልቀት መለኪያ መሬት ልትነካ ነው ከማለት በፊት፣ ጂፒኤስህ ዋሽቷል ወይም ካርታህ ተሳስቷል ብሎ ሊነግርህ ይችላል።

ባለጀልባው፦ እንዴት አድርጎ ይነግረኛል? ቁጥር ነው የሚያሳየኝ።

መርከበኛው፦ ቁጥሩ ምን መሆን እንዳለበት አስቀድመህ ከጻፍክ ይነግርሃል። ነጥብ ሦስት፣ ጥልቀት ይህን ያህል። ከሦስት ወደ አራት ስንሄድ መጀመሪያ ይጨምራል፣ ከዚያ ይቀንሳል። የኬንት ደቡባዊ ጫፍ፣ ብለዲ ፖይንት አጠገብ፣ 174 ጫማ የሚደርስ ጉድጓድ አለ። በዚያ ስታልፍ ቁጥሩ ዘቅጦ ተመልሶ ሲነሣ፣ ወለሉ ራሱ እዚህ ነህ አለህ ማለት ነው። ሳይዘቅጥ ከቀረ ቆም ብለህ ጠይቅ። የሐዋርያት ሥራን 27ኛውን ምዕራፍ ታስታውሰዋለህ?

ባለጀልባው፦ የጳውሎስ መርከብ የተሰበረችበት።

መርከበኛው፦ አሥራ አራት ሌሊት ማዕበል አንገላቷቸዋል። ፀሐይም ኮከብም አላዩም፤ የት እንዳሉ ማንም አያውቅም። እኩለ ሌሊት ላይ መርከበኞቹ ምድር ሳንቀርብ አንቀርም ብለው ገመድ ጣሉ። በዛሬ ልክ 37 ሜትር ገደማ ሆነ። ጥቂት ሄደው ደግመው ጣሉ፤ 27 ገደማ። አንዱን ብቻ ቢለኩ ኖሮ ምንም አይነግራቸውም ነበር። ሁለቱን ሲያስተያዩ ግን ምድሩ እየተነሣ መሆኑ ገባቸው። ከኋላ አራት መልሕቅ ጥለው ንጋትን ጠበቁ። መርከቧ ኋላ ብትሰበርም 276ቱ ሰዎች በሙሉ ወጥተዋል። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የማስበው ስለነዚያ ገመድ ጣዮች ነው።

ባለጀልባው፦ ጋሼ፣ በሚሉት አምናለሁ፤ ግን አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። የሚሰጡኝ ሕግ ሁሉ የሚያርፈው እኔ ማስታወስ ላይ ነው። ማንቂያውን ቀያይር፣ ካርታውን አጉላ፣ ጥልቀቱን አስተያይ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዝናብ እየመታኝ፣ ማን ያስታውሰዋል? ቬስታስ ዊንድ ላይ የነበሩት የዓለም ምርጦች አላስታወሱትም። ሕጉ ለእነሱ ካልሠራ ለእኔ እንዴት ይሠራል? ይልቅ ራሱ የሚያስታውስ መሣሪያ መሥራት አይሻልም?

መርከበኛው፦ ይሻላል፤ ቢሠራ እሰየው። እስኪሠራ ድረስ ግን ሥራውን ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ላይ አትተወው። አሁን፣ ጀልባዋ እንደታሰረች፣ አእምሮህ ሳይደክም ሥራው። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጉልተህ ተከተለው። ከግራና ከቀኝ ያለውንም እይ፣ ነፋሱ ከመስመሩ ሊያስወጣህ ይችላልና። ከየነጥቡ ጎን ጥልቀቱንና የማንቂያውን ልክ በወረቀት ጽፈህ መሪው አጠገብ ለጥፈው። ሌሊት የምታደርገው ማንበብ ብቻ ይሁን።

ባለጀልባው፦ በወረቀት! ኖዋ እንኳ የወረቀት ካርታዎቹን ትቷል። የመጨረሻዎቹ በ2025 መጀመሪያ ተሰርዘዋል። የአሜሪካን ባሕር የሚለካው መሥሪያ ቤት ራሱ ወደ ስክሪን ሲሄድ እኔ ወደ ኋላ ልመለስ?

መርከበኛው፦ ኖዋ የተወው የድሮውን ኅትመት ነው እንጂ ካርታውን አይደለም። ከዚያው ከኤሌክትሮኒክ መረጃው የምትሄድበትን ቁራጭ ማተም ትችላለህ። እኔ ወረቀት የምልህ ወረቀት ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፤ ባትሪ ስለማይጨርስና ማንም ከሩቅ ሊያውከው ስለማይችል ነው። በግንቦት 2025 አንድ ትልቅ የኮንቴይነር መርከብ ጂዳ አቅራቢያ አለት ላይ ስትወጣ፣ የጂፒኤስ ምልክት መታወክ ነው ተብሎ ተጠርጥሯል። ምልክቱን ማወክ ድሮ የጦር ሠራዊት ወሬ ነበር፤ አሁን የንግድ መርከብ የሚያልፍበት ሁሉ የሚያጋጥም ነገር ሆኗል።

ባለጀልባው፦ እዚህ አናፖሊስ ማን ያውከዋል?

መርከበኛው፦ ምናልባት ማንም። እዚህ የሚያስቸግርህ ነፋስ ነው። የዚህ ባሕር ሙላትና ጉድለት አንድ ጫማ ገደማ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሁለት ቀን ከነፈሰ ግን ውኃውን ወደ ውቅያኖስ ይገፋና ካርታው ካለው ሁለት ጫማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጎድለዋል። ጂፒኤስህ ፍጹም ልክ ይሆናል፣ ካርታህም እንደዚያው። ውኃው ግን የለም። ይህን የሚነግርህ ያ ትንሹ ስክሪን ብቻ ነው። እሱም ቁጥሩ ከየት እንደሚቆጠር ካወቅህ ነው። አሁን እንመለስበት። ቀጭን ገመድና ከባድ ብሎን አለህ?

ባለጀልባው፦ አለ፣ ይኸው። እዚህ ልጣለው?

መርከበኛው፦ መለኪያው ከሆዷ ከተሰካበት በላይ፣ ከጎኗ አውርደው። ብሎኑ ጭቃውን ሲነካ እጅህ ይቀልለዋል። ያኔ ገመዱን ወጥር፣ ውኃው ወለል ላይ በጣትህ ያዘው፣ አውጣው።

ባለጀልባው፦ ይዤዋለሁ። ሜትሩን ያቀብሉኝ። … ስምንት ጫማ ተኩል።

መርከበኛው፦ ከወለል እስከ ጭቃ ስምንት ተኩል። ስክሪኑ ሰባት። ልዩነቱ አንድ ተኩል፤ መለኪያው ሆዷ ላይ የተሰካው ከወለል አንድ ጫማ ተኩል ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ሰባቱ የሚቆጠረው ከመለኪያው ነው። ኪልህ ከሱ ሦስት ተኩል ጫማ ዝቅ ብሎ ይሄዳል።

ባለጀልባው፦ እንግዲያው ማስተካከያው ላይ ሦስት ተኩል ልቀንስ። ቆይ፣ እዚህ ጋ ነው። … አሁን አንዴ ካስተካከልኩት ግን ጋሼ፣ እርስዎ ገመድ እስኪጥሉ እሱ ሺህ ጊዜ ይለካልኛል።

መርከበኛው፦ ይለካልሃል፤ ይህን አልክድም። ስንት ይላል?

ባለጀልባው፦ ሦስት ነጥብ አምስት። ከኪሉ ሥር ያለን ውኃ ሦስት ጫማ ተኩል ነው፤ ሰባት አልነበረም።